ቆላ የሚችል ፕሮሰሰር

ኮምፒውተሩ ደብረ ሲና ሳለ እንከን አልነበረበትም። በሻጩ በሀብታሙ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፊልም እያሳየ፣ ጋቢ የተከናነቡ መንገደኞች በመስታወቱ በኩል እያዩት ሰንብቷል። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ፀደንያ ቤት በገባ በማግስቱ ግን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከጠዋት ጀምራ የሣለችውንም መስመር ሁሉ ይዞት ጠፋ።

ፀደንያ በመጀመሪያው ቀን አልተናደደችም። መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበርና፣ የሰፈሩ ተራ ደርሶ ይሆናል ብላ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ማራገቢያው እየዞረ ነው። መብራት አለ። እንደገና አስነሣችው፤ ተነሣ። ፋይሏን ከፍታ አንድ መስመር ሳትጨርስ አሁንም ጠፋ። ደግማ ስትሞክር መልኩን እንኳ ሳያሳያት ቀረ።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የጠቆረውን ስክሪን እያየች ተቀመጠች። ነገሩ የአንድ ዕቃ መበላሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከበዳት። ባለቤቷ ዮሴፍ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ግርማ ደብረ ብርሃን የሚኖሩ፣ በአይሱዙ መኪናቸው መንገዱን ላይ ታች የሚሉ ሰው ናቸው። የሙት ዓመቱ እስኪወጣ በትዕግሥት ጠበቁና፣ ድንኳኑ በተነሣ ማግስት አስቀምጠው አነጋገሯት። «በዚህ ሙቀት ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ቤቱን እናከራየዋለን፤ አንቺ ከእኛ ጋር ትሆኛለሽ። ልጆቹም ይወዱሻል» አሏት። ደግነታቸው የሚያጠራጥር አልነበረም። ለዚህም ነው እምቢ ማለት የከበዳት። ብዙ ቆይታ «እስከ ሰኔ ሚካኤል ይታገሡኝ» አለች። «እስከዚያ እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ ካላገኘሁ፣ መኪናዎን ባዶውን ይዘው ይምጡ፤ ዕቃዬን እጭናለሁ።»

ሥራውን አግኝታዋለች። ማለት፣ ግማሹን አግኝታዋለች። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ፣ በቀወት ወረዳ ቀበሌዎች ገበሬው ራሱ ከወንዝ እየጠለፈ የሚያጠጣባቸውን ቦዮች በካርታ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ፀደንያ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ጂኦግራፊ ነው፤ ባሏ እስኪታመም ድረስም በወረዳው ግብርና ቢሮ ሠርታለች። መሐንዲሱ «የአንዱን ቀበሌ ካርታ ክረምት ሳይገባ አምጪ፤ ከወደድነው የቀሩትም የአንቺ ናቸው» አላት። እሷም ቢሮው የሰጣትን የቦታ መለያ መሣሪያ ይዛ፣ ውኃውን ለየማሳው ከሚያካፍሉት የውኃ አባቶች ጋር ቦዩን ከጠለፋው እስከ መጨረሻው እርሻ በእግሯ ሄደችው። መሬት ላይ ያለው ሁሉ ተለክቷል። የቀረው መሣል ብቻ ነበር። ለመሣል ደግሞ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ የወረዳው ኮምፒውተር ለሪፖርት እንኳ ወረፋ አለው። ስለዚህ የዮሴፍን ሞተር ሳይክል ሸጠች። ማን እንደገዛው አልጠየቀችም፤ ገንዘቡን ይዛ ቀጥታ ደብረ ሲና ወጣች።

በዚያ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ኮምፒውተር ቢፈልግ የሚገዛው ደብረ ሲና ነው። አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ሀብታሙ ደግሞ ሰው የማይሸሽ፣ ቀልድ የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። ከአዲስ አበባ ያገለገሉ ማሽኖች ያመጣል፣ ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ይገጥማል፤ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አሠርቶ ያለፈው ሳጥን ላይ «ተፈትኗል» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ከአጣዬ ይምጣ ከጀውሃ፣ ገዢው ያቺን ወረቀት አይቶ ከረካ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ፀደንያም አልጠየቀችም። ሀብታሙ «እትዬ፣ ይሄ ባለ ሦስት ጊጋ ነው። ፕሮሰሰር ማለት አንጎሉ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ደግሞ በዚህ ዳገት ወጥቶ አያውቅም» ሲላት፣ የሚበልጥ ከሌለ ይሁን ብላ አስጫነችው።

አሁን የሚበልጥ የሌለው ኮምፒውተር ፊቷ ተገትሮ እንደ ዕቃ ሣጥን ዝም ብሏል።

«ዓይን ነው» አለች ከበቡሽ። ከበቡሽ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ጎረቤቷ ናት፤ ስትገባ በር አታንኳኳም፣ ስትወጣም አትሰናበትም። «ከሚኒባስ ስታወርጂው መንደሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያይሽ ነበር። ነጠላ እንኳ ጣል አላደረግሽበትም።»

«ካርቶን ውስጥ ነበር እኮ።»

«ካርቶኑ ላይ ሥዕሉ አለ!»

ፀደንያ ሳታስበው ከንፈሯ ፈገግ አለ። ከበቡሽ ይህን ስታይ ተበረታታች። «ወይ ደግሞ ከፍቶት ይሆናል። አንቺ ቤት ሬዲዮ የለ፣ ጨዋታ የለ። ማሽንም ቢሆን ጭር ያለ ቤት ይጨንቀዋል።»

«ፍሪጅሽ ስታቢላይዘር አለው አይደል?» አለች ፀደንያ። «አውሺኝ። መብራቱ እየዋዠቀ ይሆናል።»

«ሥጋዬ ቢበላሽስ?»

«ለዛሬ ብቻ።»

ከበቡሽ እያጉረመረመች አመጣችላት። ኮምፒውተሩ ማለዳ ተነሣ፤ ጥሩ ሠራ። ረፋዱ ላይም ሠራ። ቀትር ሲሆን፣ የስታቢላይዘሩ መርፌ ሳትነቃነቅ፣ ጠፋ። በማግስቱም እንዲሁ። ከበቡሽ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ አየችውና «ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ላይ ይተኛል። የእኔን አስተናጋጅ ቁርጥ» አለች። ፀደንያ በዚህኛው አልሳቀችም። ገመዶቹን ነቅላ ሳጥኑን በአንሶላ ጠቀለለችው፤ በማግስቱ ጠዋት አቅፋው ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ደብረ ሲና ስትደርስ ጉሙ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ሀብታሙ ሳጥኑን ተቀብሎ ሰካው። ተነሣ። ፊልም ከፈተበት፤ ሠራ። የእሷን ካርታ ከፈተበት፤ ሠራ። እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ዞር ብሎ አያት።

«እትዬ ፀደንያ፣ ይኸው ዳነ። ምን አድርገውት ነው እኔ ጋ ሲመጣ የሚድነው?»

«ምንም አላደረግኩትም። ይጠፋል።»

«ናፍቄው ይሆናላ።»

«ሀብታሙ፣ ቀትር ላይ ይጠፋል አልኩህ።»

«እሺ፣ ቀትር ድረስ ይቀመጡ። ከጠፋ ራሴው እሸከምልዎታለሁ።»

ተቀመጠች። ቀትር ሆነ፤ አልጠፋም። ከቀትር በኋላም አልጠፋም። ሰው እየገባ ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፤ ሀብታሙ ለገባው ሁሉ «እትዬ ከቆላ ናቸው፤ ኮምፒውተራቸው ተቀይሟቸው መጡ» እያለ ያስተዋውቃታል። ፀደንያ ከቤቷ የወጣችው በስስ ቀሚስ ነበርና ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ። ጣቶቿ ደነዘዙ። የሚሞቅ ነገር ስትፈልግ እጇን ሳታስበው ወደ ሳጥኑ ጀርባ ሰደደችው። ከዚያ የሚወጣው አየር ግለቱ እንደ ደከመ በሬ ትንፋሽ ነበር።

እጇን እዚያው አቆየችው። ከዚያ ወደ በሩ አየች። ጉሙ ደፉን አልፎ እየገባ ነው። ማሽኑ የሚተነፍሰው ይህን አየር ነው። ቤቷ ሲሆን የሚተነፍሰው ምንድን ነው? እሷ ራሷ በግንቦት ቀትር ላይ ግድግዳው ሲፋጅ መሬት ላይ ውኃ እያርከፈከፈች ነው የምትቀመጠው። ተራራና ቆላን፣ ከፍታና ሙቀትን ለዓመታት ስትማር ኖራ፣ ከዚህ ዳገት እስከ ቤቷ ያለውን ቁልቁለት አለማሰቧ አናደዳት። ይሁን እንጂ ንዴቱን ለሌላ ቀን አቆየችው።

ብድግ ብላ ወጣች። ከጎን ሻይ የምታፈላውን ሴት ለምና፣ ከሰል የተቀጣጠለበት ማንደጃ በጨርቅ ይዛ ተመለሰች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሀብታሙ።

«ሸዋ ሮቢት ነው።»

ማንደጃውን ከሳጥኑ ፊት ለፊት፣ አየር ከሚስብበት በኩል አስቀመጠችው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሙቀቱን ሲያገኙ ወረፋቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አንድ አሮጊት መዳፋቸውን ዘርግተው «ተባረኪ ልጄ፤ እስከ ዛሬ እዚህ ሱቅ የገባሁት በከንቱ ነበር» አሉ። አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌ ደግሞ «ሀብታሙ፣ ይህቺን ዓይነት ማሽን ለእኔም አምጣልኝ» አሉ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ፊልሙ ቆመ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነካካ። መብራት አለ። ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም።

«እትዬ፣ እሳት ዳር አስቀምጠው ማን ይሠራል?»

«እኔ» አለች ፀደንያ። «ቤቴ እንዲህ ነው።»

ሀብታሙ ጆሮውን አከከ። ያለ ቀልድ ሲናገር የሰማችው ያን ጊዜ ነው። «እንዲህ ሆኖበት የመለሰልኝ ሰው እኮ አለ፤ ከጀውሃም፣ ከማጀቴም። ሁሉንም እዚህ ሰክቼ ሲሠራ አሳይቼ መልሻቸዋለሁ።» ከዚያ ነጋዴነቱ መጣበት። «ግን መላ አለው። ፊቱ ላይ ማራገቢያ ያድርጉበት።»

«ጣሪያዬ ላይ አለ። የሞቀውን አየር መልሶ ያመጣለታል።»

«አየር ማቀዝቀዣ…»

«ሀብታሙ።»

«እሺ፣ እሺ።»

«የሚግለው ፕሮሰሰሩ ነው አይደል? ሌላ ቀይርልኝ። አነስ ያለ። የማይግል።»

ሀብታሙ ከመሳቢያው ባለ ሁለት ነጥብ ስምንት የሆነ ፕሮሰሰር አወጣ። ርካሹ ዓይነት ነው፤ የመንግሥት ቢሮዎች ጽሕፈት የሚሠሩበት። «ይሄ ከተስማማዎ በጣም ይቀንሳል። ግን ካርታ እንዲህ ባለ ሲሣል አላየሁም» አለ። በካቻቢቴ ሳጥኑን ፈታ፣ አሮጌውን አነሣ፣ ነጩን ቅባት ቀብቶ አዲሱን ገጠመው። ፀደንያ ማንደጃውን አራገበች። ማሽኑ ተነሣ፤ ካርታዋ ተከፈተ። መስመሮቹ አንድ በአንድ እየተጎተቱ መጡ፤ ያም ሆኖ መጡ። ከባለ ሦስቱ ትንሽ ዘለግ ላለ ጊዜ ቆየ። ልቧ ማረፍ ሲጀምር ስክሪኑ ጠቆረ።

«ይኸው፤ ትንሹም አልቻለም» አለ ሀብታሙ። ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር። «እትዬ፣ ምክር ልስጥዎ? ሥራውን ደብረ ብርሃን ወጥተው ይሥሩት። እዚያ ይሄው ባለ ሦስቱ እንደ ንጉሥ ይሠራልዎታል።»

ምን እንዳላት አላወቀም እንጂ፣ ጋሼ ግርማ ያሏትን ነው የደገመላት። ፀደንያ ወደ በሩ አየች። ወደ ታች የሚወርዱት ሚኒባሶች እየጮኹ ሰው ይጣራሉ። የመጨረሻዎቹ መሆናቸውን ታውቃለች። ካሁን በኋላ ከቆየች ጀውሃ ወይም ኮምቦልቻ የሚሄድ የጭነት መኪና መለመን ነው። ሳጥኑን ተሸክማ ብትወርድ ግን የምትወርደው ዕቃዋን ልትጠቀልል ነው።

አልተነሣችም። ሀሳቧን ወደ ኋላ መለሰችው። ትንሹ ቁጥር ከትልቁ ባልተናነሰ ጋለ። እንግዲህ ሙቀቱን የሚናገረው ቁጥሩ አይደለም። ሌላ የሚናገር ነገር መኖር አለበት። ዓይኗ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ላይ አረፈ።

«ይሄ ፕሮሰሰር ስንት ዋት ነው የሚበላው?»

«ምን?»

«አምፖል ስትገዛ ዋቱን አትጠይቅም? መቶው እጅ ያቃጥላል፤ አርባው አያቃጥልም። ይሄስ ስንት ነው?»

ሀብታሙ ፕሮሰሰሩን አውልቆ፣ አገላብጦ አየው። «ስሸጥ ኖሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ።

«አሁን ተጠየቅህ። ኢንተርኔት አለህ አይደል?»

ነበረው፤ በስልክ መስመር የሚገባ፣ ሲገናኝ እንደ ፉጨት የሚጮህ። ሀብታሙ የስልኩን ሽቦ ነቅሎ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። ፀደንያ ፕሮሰሰሮቹ አናት ላይ የተቀረጹትን ደቃቅ ፊደሎች ወደ አምፖሉ አስጠግታ አነበበች፤ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። ገጹ እስኪከፈት አሮጊቷ ከሰሉን ቆሰቆሱ። ባለ ሦስቱ የሚበላው እንደ ትልቁ አምፖል ሆኖ ተገኘ። ርካሹ ባለ ሁለት ነጥብ ስምንትም ከእሱ እምብዛም አያንስም፤ ከአንድ ዘመን፣ ከአንድ ዓይነት ሥሪት የወጡ ናቸው።

«ርካሽ ስለሆነ የማይግል መስሎኝ ነበር» አለች ፀደንያ። ይህን ያለችው ለራሷ ነው።

«ሌላ ምን አለህ?» አለችው ቀና ብላ።

ሀብታሙ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ከተበላሹ ማሽኖች ያወለቃቸው ፕሮሰሰሮች ተበተኑ። እያነሡ፣ ፊደሉን እያነበቡ፣ አንድ በአንድ ፈለጉ። አንዳንዱ ለዚህ ማዘርቦርድ አይገጥምም፤ አንዳንዱ እንደ ባለ ሦስቱ እሳት ነው። ሀብታሙ ሳያያት ገሸሽ ያደረጋትን አንዷን ፀደንያ አነሣች።

«ይሄስ?»

«ይተዉት። ባለ አንድ ነጥብ ስምንት ነው።»

«ፈልገው።»

ፈለገው። ገጹ ሲከፈት ሀብታሙ ጠጋ ብሎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። የምትበላው የባለ ሦስቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለማዘርቦርዱም ትገጥማለች።

«ግጠመው» አለች።

«እትዬ ፀደንያ፣ ይሄንንስ አልሸጥልዎትም።» ከልቡ ነበር። «ባለ ሦስት አውልቄ ባለ አንድ ነጥብ ስምንት ገጠምኩ ሲባል ስሜ ይጠፋል። ሰው ምን ይለኛል? ባሏ የሞተባትን ሴት አታለላት ነው የሚሉኝ።»

ሀብታሙ ያለው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲደርስ አንገቱን ደፋ። ፀደንያ ግን ፊቷ አልተለወጠም። ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው አንሥታ አቀበለችው።

«ቢሠራ፣ ሀብታሙ ነው የገጠመልኝ እላለሁ። ባይሠራም፣ ሀብታሙ ነው የገጠመልኝ እላለሁ። አሁን ግጠመው።»

ገጠመው። ከሰሉ እንዲጨመር ሽማግሌው ራሳቸው ወጥተው አመጡ። ማሽኑ ተነሣ። ካርታው ተከፈተ። ፀደንያ መስመሮቹ እስኪጎተቱ ለመጠበቅ እጇን አጣጥፋ ነበር፤ ግን አልተጎተቱም። ቦዩ ከጠለፋው ጀምሮ እስከ ታችኛው ማሳ በአንድ ጊዜ ተዘርግቶ ቁጭ አለ።

«ይሄ ነገር ከባለ ሦስቱ በምን አነሰ?» አለ ሀብታሙ። ጎንበስ ብሎ ገጹን ማንበብ ቀጠለ። «አዲስ ሥሪት ነው ይላል… ግን ቁጥሩ…»

«ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ መራመዱን ነው የሚናገረው» አለች ፀደንያ። እሷም የምታነበው ያንኑ ገጽ ነበር። «በአንዱ እርምጃ ምን ያህል እንደሚሸከም አይናገርም። ይሄኛው ቀስ ይላል፤ የሚሸከመው ግን ብዙ ነው።»

ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠበቁ። ማሽኑ አልጠፋም። ፀደንያ እጇን ከሳጥኑ ጀርባ አደረገች፤ የሚወጣው አየር ለብ ያለ ነው።

«ባለ ሦስቱን ያዘው። በልዩነቱ ራም ጨምርልኝ፤ ትልቅ ካርታ ሲከፈት እንዳይጨናነቅ» አለች።

ሀብታሙ ያለ ክርክር ጨመረላት። ሳጥኑን ሲዘጋ «ተፈትኗል» የሚለውን ወረቀት ሊለጥፍ አንሥቶ እጁ አየር ላይ ቀረ። ወረቀቱን መልሶ አስቀመጠው። ሽማግሌው «ኧረ ማንደጃውን ተይልን» እያሉ ሲቀልዱ፣ እሱ ሳጥኑን ተሸክሞ መንገድ ዳር ወጣና ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ የጭነት መኪና እጁን አውለብልቦ አስቆመላት።

«ቀትር ላይ ይደውሉልኝ» አላት ሲያሳፍራት። «ቢጠፋም ይደውሉልኝ።»

በማግስቱ ቀትር ሲቃረብ ከበቡሽ ድስቷን ትታ መጣች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስክሪኑን ያዩ ጀመር። ውጭ የቆርቆሮው ክዳን በሙቀት ይንጣጣል። ከበቡሽ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«እንዳይጠፋ።»

«ፊልም እንኳ የለውም እንዴ?»

«አርፈሽ ተቀመጪ።»

አልጠፋም። ፀደንያ ለሀብታሙ ደውላ ነገረችው፤ «እልልታ አልሰማሁም» አላት። «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲያ የፈረቃው መብራት በመጣ ጊዜ ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ሁሉም ቀላል አልሆነም። ቀበሌውን በሙሉ በአንድ ፋይል ስታደርገው ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ፤ ከፈለችውና ላይኛውን ከታችኛው ለየችው። መብራት ድንገት ስለሚሄድ መስመር በሣለች ቁጥር ማስቀመጥ ለመደች። ስለ ሌላ ነገር እንድታስብ የሚያደርግ ክፍት ጊዜ ለራሷ አልተወችም። ሐዘን ሊጠይቁ የሚመጡ ሲኖሩ ተቀብላ ታስተናግዳለች፤ ሲወጡ ከተወችበት ቦይ ትቀጥላለች።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ጋሼ ግርማ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናቸውን ደጃፏ አቆሙ። ጭነቱ ላይ ገመድና ሸራ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ሲገቡ ፀደንያ ብድግ ብላ ሳመቻቸው፤ ወንበር ሰጠቻቸውና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አንድ ቦይ ቀርቶኛል፤ ልጨርስ» አለች።

ጋሼ ግርማ እንዲህ ተብለው አያውቁም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንሽ ታገሡ። ቤቱን ዞር ዞር እያሉ አዩት። አንድም ዕቃ አልታሰረም። ተነሥተው ከኋላዋ መጡና ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ።

«ይሄ የት ነው?»

«ይሄ ዋናው ጠለፋ ነው። ይሄ ወደ ላይኛው መንደር የሚሄደው። ይሄ ደግሞ…»

«ቆይ፣ ቆይ። ይሄ የአባታችን ማሳ አይደለም?» ጣታቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። «ውኃው ግን በዚህ አይደለም የሚመጣ። በላይ በኩል ነው፤ ልጅ ሆነን እኔና እሱ ስንገድበው…»

«የውኃ አባቱ ከጎርፉ ወዲህ አዙረውታል። አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁ።»

ጋሼ ግርማ በጣታቸው አዲሱን ቦይ ተከተሉ። «ዮሴፍ ይህን ቢያይ» አሉ ቀስ ብለው።

«ገመዱን እንዳይረግጡት፣ ጋሼ» አለች ፀደንያ። ጣቷ ማውሱ ላይ ለአፍታ ቆሞ ነበር። ከዚያ የቀረችውን መስመር ስባ ከማሳው ጋር አገናኘቻት።

ሥራውን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ኪሷ ከተተች። «እስከ ደብረ ብርሃን ይውሰዱኝ። ነገ ቢሮው ግማሽ ቀን ይሠራል» አለች። በሩን ራሷ ቆለፈች። ባዶው መኪና በዳገቱ ሁሉ እየተንጓጓ ወጣ፤ ጋሼ ግርማም ስለ ዕቃው ሳያነሡ ደብረ ሲናን አለፉ። አንዴ ብቻ «እንግዲህ ከወጣሽ…» ብለው ጀምረው «ነገ እመለሳለሁ» ስትላቸው ተዉት።

መሐንዲሱ ካርታውን ግድግዳው በሚያህል ወረቀት አሳትሞ ዘረጋው። በመነጽሩ ስር ብዙ ጊዜ ፈተሸው። ከቢሮው የድሮ ፎቶ ጋር የማይገጥም አንድ መታጠፊያ አገኘና ጠየቃት፤ የጎርፉን ነገር ነገረችው። እርሳሱን አስቀመጠ።

«ሁለተኛውን ቀበሌ መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«ዝናቡ ቦዩን ሳይሞላው። ሰኞ።»

«ኮምፒውተር እንስጥሽ? እዚህ ጥሩ ጥሩ አሉን።»

«አመሰግናለሁ። ለእኔ አገር የሚሆነውን ይዣለሁ።»

ስትወጣ ጋሼ ግርማ መኪናቸውን አስነሥተው ይጠብቋታል። ወደ አጣዬ የሚወርድ የስሚንቶ ጭነት አግኝተው ኖሯል። ፊቷን አይተው የሆነውን አወቁ። ጣርማ በርን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ፣ ከታች የይፋት ቆላ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ታየ። የመኪናው መስኮት ቀስ በቀስ ሞቀ። ጋሼ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ እኮ ተከራይ አግኝቼ ነበር። የባንክ ሰው ነው፣ ደኅና ሰው። ሰኞ ቤቱን አሳይሃለሁ ብዬው ነበር። አሁን ምን ልበለው?»

ፀደንያ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው።

«ሰው አለበት ይበሉት» አለች።